ቀብድ ዛሬ ላኪ ያለኝን ልመን ወይስ ጥያቄ ያበዛችብኝን?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌ እከታተላለሁ። ለውሻ ጉዳይ ደብዳቤ ይጻፋል ወይ ብለው እንዳይታዘቡኝ እንጂ ነገሩ እንቅልፍ ነስቶኛል።

የ10 ዓመት ሴት ልጅና የ4 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ልጄ ማልቲዝ የሚባለውን ትንሽ ነጭ ውሻ ስትመኝ ነው የኖረችው። ባለፈው ዓመት እሺ አልኳትና ማስታወቂያ አይቼ አንድ ቡችላ ገዛሁ። ሰውዬው ቤቱ አልጠራኝም፤ መንገድ ዳር ከመኪናው አውጥቶ ነው የሰጠኝ። ክትባቱን ጨርሷል አለኝ። ይሸት ስለነበር የዚያኑ ዕለት ማታ አጠብኩት። በማግስቱ መብላት አቆመ። ከዚያ ትውከት፣ ከዚያ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ጀመረው። ሐኪሙ ፓርቮ ነው አለን። ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ለሰውዬው ስደውል "አንቺ ስላጠብሽው ብርድ መቶት ነው" ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ልጄ እስካሁን ስሙን እያነሳች ታለቅሳለች። እኔም እውነት ገድዬው ይሆን እላለሁ።

አሁን ሁለት ሰዎች አግኝቻለሁ። አንደኛው "ቲካፕ ማልቲዝ" አለኝ ይላል። በፎቶ ሳያት ልቤን ወሰደችው፤ መዳፍ ላይ ነው የምትቀመጠው። ግን "የቀረችው አንዷ ናት፤ ዛሬ ቀብድ ካልላክሽ ለሌላ እሰጣታለሁ" ብሎኛል። ሁለተኛዋ ማልቲዝ ብቻ የምታረባ ሴት ናት። እሷ ደግሞ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ በጥያቄ አጣደፈችኝ። ቀን ቀን ቤት ማን ይውላል? ትንሹ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው? ከዚህ በፊት ውሻ ነበራችሁ? ምን ሆነ? እውነቱን ለመናገር ተናድጃለሁ፣ ተሸማቅቄያለሁም። ቡችላ የሚኖራትም ከወራት በኋላ ነው። የልጄ ልደት ግን ደርሷል፤ ቃል ገብቼላታለሁ። ባለቤቴ ደግሞ "ውሻ ውሻ ነው፤ ቤት ያጣ አንድ ወስደን እናሳድግ" ይላል። ማንን ልመን?

ልቧ የተከፈለ እናት

*

እህቴ፣ ከሁለቱ ሻጮች በፊት ዓይኔ ያረፈው "እውነት ገድዬው ይሆን" ያልሽው ላይ ነው። ከእሱ እንጀምር። ይህ ሳይወጣልሽ ሌላ ቡችላ ብታመጪ ባስነጠሰ ቁጥር ልብሽ ይቆማል።

ፓርቮ ቫይረስ ነው። ከብርድ አይመጣም፤ ገላ ከመታጠብም አይመጣም። ቫይረሱ ወደ ቡችላው ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ይፈጃል፤ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። የእናንተው ግን በመጣ በማግስቱ ነው መብላት ያቆመው። ስለዚህ ቤታችሁ ሲገባ በሽታውን ይዞ ነው የገባው። አንቺ እጅ ላይ አልተጀመረም። ሰውዬው ይህን ያውቅ ይሆናል፣ ላያውቅም ይችላል፤ ጥፋቱን ግን አንቺ ላይ አላክኮ ስልኩን ዘጋ። ያን ሸክም አውርጂው፤ ያንቺ አይደለም።

ለልጅሽም እንዲሁ ንገሪያት። "ታሞ ነበር የመጣው፤ እኛ ልናድነው ሞክረን ነበር" ብትያት በ10 ዓመቷ በደንብ ይገባታል። ደግሞስ እሷ በልቧ ምን እንደምትል ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ "አብዝቼ ስላቀፍኩት ነው" ብለው ራሳቸውን ይወቅሳሉ፤ ለማንም ግን አይናገሩም።

"ክትባቱን ጨርሷል" ስላለሽም አንድ ነገር ልበል። ይህች ቃል ብዙ ሰው ታታልላለች። ቡችላ ከእናቱ ወተት የሚያገኘው መከላከያ ለጥቂት ሳምንታት ይጠብቀዋል። ግን ያው መከላከያ ክትባቱንም ያከሽፈዋል። የእናቱ መከላከያ የትኛው ሳምንት ላይ እንደሚያልቅ በቡችላው መልክ አይታወቅም። ለዚህ ነው ሐኪሞች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ጀምረው በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየደጋገሙ እስከ 16 ሳምንት ድረስ የሚከትቡት። ስለዚህ የሁለት ወር ቡችላ ይዞ "ጨርሷል" የሚል ሰው አንድም አያውቅም፣ አንድም እየዋሸ ነው። የታመነ ሰው የሚልሽ "ይህንና ይህን ወስዷል፣ ቀጣዩ በዚህ ቀን ነው" ነው። የክትባት ካርዱንም ያሳይሻል፤ ካርዱ ላይ ቀኑ፣ የክትባቱ ስምና የሐኪሙ ፊርማ ይኖራል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የመጀመሪያው ሰው ያለሽን ደግመሽ አንብቢው። አንዷ ቀርታለች። ዛሬ። ቀብድ። ለሌላ እሰጣታለሁ። ከነዚህ አንዱም ስለ ቡችላዋ አይናገርም። እናቷ የት ናት? ስንት ሳምንቷ ነው? ማን መርምሯታል? ያለሽ ነገር የለም፤ ያለሽ ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶ ደግሞ ከየትም ይወሰዳል። ስልክሽ ላይ ፎቶውን በምስል ፍለጋ አስገቢውና እዪው፤ ያችው ቡችላ በሌላ ስም፣ በሌላ አገር ልትገኝ ትችላለች። ባትገኝም ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። "አሁን በቪዲዮ ደውልልኝ፤ ቡችላዋንና እናቷን አብረው አሳየኝ" በዪው። እውነተኛ ሻጭ ለዚህ ሰበብ አያጣም ይሆናል፣ ግን ቢዘገይ ነገ ያሳይሻል። አታላዩ ቡችላዋ ሐኪም ጋ ናት፣ ካሜራው ተበላሽቷል፣ እናቷ ሌላ ከተማ ናት እያለ ቀብዱን መጠየቁን ይቀጥላል።

ያ ሰው አጭበርባሪ ነው ብዬ ልፈርድበት አልችልም። ግን የሚያስቸኩልሽ ሰው እንዳታስቢ ነው የሚያስቸኩልሽ። እናንተ ቤት ከ12 ዓመት በላይ ሊኖር ለሚችል ፍጥረት አንድ ምሽት ማሰብ ከከለከለሽ፣ ነገ ቡችላዋ ብትታመም ስልክሽን የሚያነሳ ይመስልሻል?

"ቲካፕ" የሚለው ደግሞ ለብቻው ያሳስበኛል። እንዲህ የሚባል ዝርያ የለም። የታወቁት የውሻ ማኅበራት አይመዘግቡትም፤ የገበያ ስም ነው። መቀመጫውን ቤልጂየም ያደረገውና እ.ኤ.አ. በ1911 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የውሻ ማኅበር፣ ኤፍ ሲ አይ፣ ለማልቲዝ ያስቀመጠው ክብደት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ነው። ይህ ራሱ ትንሽ ነው። ከዚህ በጣም ያነሱትን ለማግኘት ሰዎች ቀጫጫና ደካማ ቡችሎችን እየመረጡ ያራባሉ። አንዳንዴ ደግሞ ያለ ዕድሜው ከእናቱ የተነጠለ ቡችላ "ቲካፕ" ተብሎ ይሸጣል፤ ያነሰው ገና ሕፃን ስለሆነ ነው። በጣም ትንንሽ ቡችሎች ጥቂት ሰዓት ካልበሉ የደም ስኳራቸው ይወርዳል፤ ይንገዳገዳሉ፣ ይዝላሉ፣ ቶሎ ካልተደረሰላቸው ይሞታሉ። አጥንታቸው ቀጭን ነው፤ ከሶፋ ዘልለው የፊት እግራቸው ይሰበራል። ልጅሽን ሁለተኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ሐዘን ውስጥ ማስገባት አትፈልጊም።

አሁን ስላስከፋችሽ ሴት እናውራ። "ከዚህ በፊት ውሻ ነበራችሁ? ምን ሆነ?" ስትልሽ ቁስልሽን ነው የነካችው። ስለዚህ መናደድሽ አይገርመኝም። ግን እሷ ስለ አንቺ የምታውቀው ነገር የለም። የምታውቀው የቡችሎቿን ነገር ነው። ቀን ቀን ማን ይውላል ያለችሽ ትንሽ ቡችላ በቀን 4 ጊዜ ያህል መመገብ ስላለበት ይሆናል። የትንሹን ልጅሽን ዕድሜ የጠየቀችውም በምክንያት ነው። የ4 ዓመት ልጅ ክፋት የለውም፤ ግን ያቀፈው ነገር ከእጁ ያመልጠዋል። ብዙ ጠንቃቃ አርቢዎች ትንንሽ ዝርያዎችን ከ5 ዓመት በታች ልጅ ላለበት ቤት ለመስጠት የሚያመነቱት ለዚህ ነው። እንግዲህ ጥያቄዋ ራሱ አንድ ነገር ነግሮሻል። ቡችላው ከእጇ ከወጣ በኋላም ምን እንደሚሆን ያስጨንቃታል። እኔ ብሆን ከዚህች ሴት ጋር ነበር ወሬዬን የምቀጥለው።

ወራት መጠበቁም ሌላ ምልክት ነው። ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ገደማ ነው። ቡችላ ከ8 ሳምንት በፊት ከእናቱ መለየት የለበትም፤ ትንንሽ ዝርያ የሚያረቡ ጠንቃቆች ደግሞ እስከ 12 ሳምንት ያቆዩታል። ደምሪው፤ አንዲት ውሻ ዛሬ ብታረግዝ ቡችላዋ እጅሽ እስኪገባ አምስት ወር ገደማ ነው። በጠሩት ቀን፣ የጠሩትን ዝርያ ሁሉ "አለ" የሚል ሰው ከየት ነው የሚያመጣው? ብዙ ጊዜ እሱ ደላላ ነው፤ ቡችሎቹ የተወለዱት እናቶች በጠባብ ጎጆ ተዘግተው በየጊዜው በሚያረግዙበት ቦታ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ይህ ነገር ስላስመረረ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ከ6 ወር በታች ያለ ቡችላን በሦስተኛ ወገን መሸጥ በሕግ ተከልክሏል። ገዢው ቡችላውን ከእናቱ ጋር፣ በተወለደበት ቦታ ማየት አለበት። ሕጉ ከእንዲህ ያለ ቦታ በዳነች ሉሲ በምትባል ትንሽ ውሻ ስም ነው የሚጠራው። ያንቺ አገር ሕግ ምንም ይበል ምን፣ ይህችን ደንብ ለራስሽ ማድረግ ትችያለሽ፦ እናቲቱን ካላየሁ አልገዛም።

ግን ጥያቄ ያበዛ ሁሉ ታማኝ ነው አላልኩሽም። አሁን ጠያቂዋ አንቺ ሁኚ። እናቲቱ ስንት ዓመቷ ነው? ስንተኛ ወሊዷ ነው? ለመመዘኛ እንዲሆንሽ፣ የብሪታንያው ኬኔል ክለብ ከአንዲት እናት ከ4 ወሊድ በላይ በመደበኛነት አይመዘግብም። አባትየውስ? የጤና ምርመራቸውን ወረቀት ልታሳይሽ ትችላለች? ማልቲዝ ላይ በተለይ ሁለት ነገር ጠይቂ። አንዱ የጉልበት ሎሚ ነው፤ በትንንሽ ውሾች ላይ ከቦታው ይወልቃል፣ ሐኪም በእጁ ዳስሶ ደረጃውን ይነግራል። ሌላው ጉበት ነው። አንዳንድ ማልቲዞች ከአንጀት የሚመጣው ደም ጉበት ውስጥ ሳይጣራ በጎን የሚያልፍበት የተፈጥሮ ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ፤ ይህ በደም ምርመራ ይፈተሻል። "የኔ ውሾች ታመው አያውቁም" መልስ አይደለም። "እነሆ ወረቀቱ፤ አንዷ እህቷ ጉልበቷ ላይ ችግር ነበረባት፣ ስለዚህ አላራባኋትም" የምትልሽ ከሆነች ግን ያቺ እውነተኛ አርቢ ናት። መጥፎውንም የሚነግርሽን ሰው እመኚ።

(ሌላ ዝርያ ለምትፈልጉ አንባቢዎች ጥያቄው ይለያል። ለካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል የልብ ምርመራ፣ ለፐግ አተነፋፈስ፣ ለትንሹ ፑድል ዓይን፣ ለዳክስሁንድ የጀርባ አጥንት ጠይቁ።)

የዘር ሐረግ ወረቀት አለው ቢሉሽ ጥሩ ነው፤ ግን ወረቀቱ የሚናገረው እናትና አባቱ እነማን እንደሆኑ ነው። ጤናውንና አስተዳደጉን አይናገርም። ቁጥሩን ወስደሽ ወረቀቱን ለሰጠው ማኅበር ደውዪና አረጋግጪ። ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚቀበር ትንሽ መለያ) ካለውም ባለ 15 አሃዙ ቁጥር ካርዱ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት።

ከዚያ ሂጂና እዪ። የመጀመሪያውን ጊዜ ግን ልጅሽን ይዘሽ አትሂጂ። ቡችላ አቅፋ "እማዬ፣ ይቺን" ካለችሽ ያ ሁሉ ጥያቄ ከአፍሽ ይጠፋል። ከባለቤትሽ ጋር ሂጂ። ስትገቢ መጀመሪያ እናቲቱን ተመልከቺ። ጡቶቿ ወተት የያዙ፣ ቡችሎቹን ስታይ የምትነቃቃ፣ ሰው የማትፈራ ናት? አንዳንድ ሻጭ ያልወለደቻቸውን ሌላ ውሻ አምጥቶ "እናቷ ይቺ ናት" ይላልና ቡችሎቹ እንዴት እንደሚቀርቧት አስተውዪ። ቦታው ይሸታል? ቡችሎቹ የሚያድጉት ሰው ባለበት ቤት ውስጥ ነው ወይስ ጓሮ ተዘግቶባቸው? ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ። ከ3ኛው ሳምንት እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ቡችላ ሰውን፣ ድምፅን፣ ልጅን የሚለምድበት ነው። ያኔ ያልለመደውን ኋላ ማስለመድ ከባድ ነው፤ ያንቺ ቤት ደግሞ የ4 ዓመት ልጅ የሚሯሯጥበት ቤት ነው። የቡችሎቹን ዓይንና አፍንጫ፣ ከጭራ በታችም ንጹሕ መሆኑን እዪ። በየጥጉ ተኝቶ የማይነቃ ካለ ለምን ብለሽ ጠይቂ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። ከሄድሽበት ቦታ የታመመና የተጎሳቆለ ቡችላ ብታገኚ፣ "ልግዛውና ላድነው" የሚል ስሜት ያንቅሻል። አውቃለሁ፤ አንቺ ከደረሰብሽ በኋላ በተለይ። ግን የከፈልሽው ገንዘብ ለዚያ ሰው የሚነግረው ንግዱ እንደሚያዋጣ ነው፤ እናቲቱም ዳግም ታረግዛለች። ሳትገዢ ውጪ፤ በአካባቢሽ የእንስሳት ደኅንነትን የሚከታተል አካል ካለ አመልክቺ። ልብ ይሰብራል፤ እኔ ግን የተሻለ መንገድ አላየሁም።

ከሴትየዋ ጋር ከተስማማችሁ ነገሩ በጽሑፍ ይሁን። ቡችላውን በወሰድሽ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ የራስሽ ሐኪም እንዲያየው፣ ከባድ ችግር ቢገኝ ገንዘብሽ እንዲመለስ፣ ማሳደግ ባትችሉ ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ መልሳ እንድትረከበው። የመጨረሻውን አንዳንድ አርቢዎች ራሳቸው ግዴታ ያደርጉታል። ቀብድም ከዚህ በኋላ፣ በደረሰኝ፣ አይተሽ ከመለስሽ ወዲያ ነው።

ባለቤትሽ ያለውን ችላ ብዬ አላልፈውም። ቤት ያጣ ውሻ ማሳደግ ደግ ሐሳብ ነው፤ ልጅሽ የምትፈልገው ማልቲዝ መሆኑም ሁለቱን አያጣላም። በአንዳንድ አገር ለየዝርያው ተጠልለው ቤት የሚጠብቁ ውሾች አሉ። አርቢዎችም መውለድ ያቆመች አዋቂ ውሻ ጥሩ ቤት የሚፈልጉላት ጊዜ አለ። ለአንቺ ቤት ይህ ከቡችላ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ጠባይዋ የታወቀ ነው፣ የቡችላነት ክትባቷ ያለቀ ነው፣ አጥንቷ ጠንክሯል። ለሴትየዋ ይህንንም ጠይቂያት። ልጅሽስ የምትፈልገው ሕፃን ቡችላ ነው ወይስ አልጋዋ ሥር የሚተኛ ጓደኛ? መልሱን እኔ አላውቅም፤ እሷ ግን ታውቃለች።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ አስፈላጊ ነውና። ፓርቮ ከቡችላው ጋር አይሞትም። ጥላ ባለበት አፈር ውስጥ ለብዙ ወራት፣ እስከ አንድ ዓመትም ይቆያል። የሞተው ቡችላ የተኛበትን ጨርቅና የበላበትን ሳህን ካላስወገድሽ አሁን ጣይው። ወለሉን መጀመሪያ በሳሙና እጠቢ፤ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጠሽ አፍስሺበትና 10 ደቂቃ ይቆይ። ሣርና አፈር ላይ በረኪና አይሠራም። ስለዚህ ግቢ ካላችሁ አዲሱ ቡችላ የ16ኛው ሳምንት ክትባቱን ወስዶ ሐኪሙ እሺ እስኪል ያ ቡችላ የተጸዳዳበት ቦታ አይርገጥ። ይህን ለአርቢዋም ንገሪያት። "ባለፈው ዓመት በፓርቮ ሞቶብናል፤ እንዲህ አድርገን አጽድተናል" ብትያት የምትቀየምሽ እንዳይመስልሽ። "ምን ሆነ?" ላለችሽ ትክክለኛው መልስ ይህ ነው።

የልደቱን ነገር ደግሞ እንዲህ ብታደርጊው እላለሁ። ቃልሽን አላጠፍሽም፤ ቀኑን ነው ያራዘምሽው። በልደቷ ዕለት እውነቱን ንገሪያት፤ ጤነኛ እንዲሆን ብለን እንጠብቃለን በያት። ባዶ እጇን እንዳትቀር የመኝታ ጨርቁን፣ ሳህኑንና ማሰሪያውን እሷ ትምረጥ። ስም ታውጣ፤ ለታናሽ ወንድሟ ውሻ የሚታቀፈው መሬት ላይ ቁጭ ተብሎ ብቻ እንደሆነ እሷ ታስተምረው። እናቲቱ ካረገዘች ሴትየዋ ፎቶ እንድትልክላችሁ ለምኗት፤ ልጅሽ በየሳምንቱ እያየች ትጠብቃለች።

ለመጀመሪያው ሰው ማብራሪያ አይገባውም። "ሳላይ ቀብድ አልልክም" በዪውና ተዪው። ለሴትየዋ ግን ዛሬ ማታ ጻፊላት። ጥያቄዎቿን አንድ በአንድ መልሺላት፣ የሞተውንም ንገሪያት፣ ከዚያ እናቲቱን መጥቶ ማየት የሚቻልበትን ቀን ጠይቂያት። ቀን ከሰጠችሽ ባለቤትሽን ይዘሽ ሂጂ። "መምጣት አያስፈልግም" ካለችሽ እሷንም ተያት፤ ሌላ ፈልጊ። ያን ጊዜ መልሰሽ ጻፊልኝ፣ አብረን እናስብበታለን።